መስኮት የሚከፈትበት ሰዓት

እናቴ «እኔ እዚህ ቤት ተቀቅዬ መሞቴ ነው» ያለችው መጋቢት ገና ሳይጋመስ ነው። ሳሎን ሶፋው ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ አንገቷን እየጠረገች ነበር። ባለቤቴና እኔ ተያየን። እሷ ግን ንግግሯን አልጨረሰችም። «ፋሲካን አብሬያችሁ ልዋልና ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ» አለች።

ቤቴ የምትለው መካኒሳ ያለውን የጭቃ ቤት ነው። ሁለት ክፍል ብቻ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ትንሽ፣ በጠራራ ፀሐይ ሲገቡበት እንኳ የሚቀዘቅዝ ቤት። እኔም ያደግኩት እዚያ ነው። ባለፈው ክረምት እዚያ ብቻዋን ስትኖር ጓሮ አዳልጧት ወደቀች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እኔ ከሥራ ወጥቼ ልጠይቃት እስክደርስ ድረስ ጭቃው ላይ ተጋድማ ቆየች። ስደርስ መጀመሪያ ያለችኝ «ምሳ በልተሻል?» ነው። አጥንቷ አልተሰበረም፣ እግዜር ይመስገን፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ለቡ፣ እኛ ጋ ነች። ስለዚህ እናቴ «እመለሳለሁ» ስትል ለኔ የሚታየኝ ያ ጓሮ ነበር። እንደገና ብትወድቅ ማን እንደሚደርስላት አላውቅም ነበርና ፈራሁ። በሙቀት ምክንያት እናቴን ልለቅ አልፈለግኩም።

በሙያዬ አራሚ ነኝ። ማተሚያ ቤት ተቀምጬ ሌላ ሰው የጻፈውን እያነበብኩ ስህተት እለቅማለሁ። ሥራው ጠባዬን አበላሽቶታል። አንድ ቦታ ስህተት አለ ብዬ ካመንኩ ሳላገኘው አላርፍም፤ ካገኘሁት ደግሞ ለባለቤቱ ሳልነግር አላልፍም። ባለቤቴ ይህን በደንብ ያውቃል፤ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ታርሟል። እና የዚያን ቀን፣ እናቴ አንገቷን ስትጠርግ እያየሁ፣ ይህ ቤት የሆነ ቦታ ላይ ስህተት አለበት አልኩ።

መቼም አዲስ አበባ ብርዳም ነው እየተባለ ነው ያደግነው። ቤት ስንሠራም ያሰብነው ስለ ብርድ ብቻ ነበር። ለቡ መብራት ኃይል ቦታ አግኝተን በብሎኬት ስናሠራ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ኮርኒስ፣ የሳሎኑ ትልልቅ መስኮቶች ወደ ምዕራብ እንዲያዩ ያልኩት እኔው ነኝ፤ የማታ ፀሐይ ቤቱን እንዲያሞቀው። ሞቀ። በዚያ ላይ ከጊዜ ወደ ጊዜ ዙሪያችን ያለው ዛፍ እየተቆረጠ፣ ግቢው ሁሉ ሲሚንቶ እየለበሰ ሲሄድ፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ሳሎናችን ውስጥ መቀመጥ ትግል ሆነ።

መጀመሪያ ያደረግነው ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። ቬንትሌተር ገዛን። ረጅም እግር ያለው፣ አንገቱን ወዲያና ወዲህ የሚያዞር ዓይነት። ባለቤቴ ገጣጥሞ እናቴ ፊት አቆመውና ከፈተው። እናቴ ወዲያው ነጠላዋን አፍንጫዋ ድረስ ሳበች። እኛ ወጣ ስንል ተነስታ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረችው። ከሥራ ስመለስ እዚያው ግድግዳውን ሲያናፍስ አገኘሁት።

«እማዬ፣ ምን ሆኖ ነው ወደ ግድግዳ የዞረው?»

«ይመታኛል እኮ። ለቤቱ ይንፋለት።»

«ታዲያ ለምን አላጠፋሽውም?»

«ተገዝቶ ዝም ብሎ ይቁም እንዴ?»

እንዲህ ሆኖ ቬንትሌተሩ ከጠዋት እስከ ማታ ለግድግዳው ሠራ። ወር ሙሉ ያደርሰን የነበረው የመብራት ካርድም ሳምንት ሲቀረው አለቀብን። ባለቤቴ ቆጣሪው ፊት ቆሞ ቁጥሩን ደጋግሞ አየ። ዝም ያለው እናቴን ስለሚያከብራት ነው። እኔን ቢሆን ዝም አይለኝም ነበር።

ማተሚያ ቤታችን የወረቀት መጋዘን ውስጥ የሙቀት መለኪያ ተሰቅሏል፤ ወረቀት ሙቀትና እርጥበት አይስማማውምና። አንድ ቀን ከፊቱ ቆሜ ሳየው ነገሩ ብልጭ አለልኝ። ቤታችን ሞቀ፣ ሞቀ እንላለን እንጂ የትኛው ክፍል፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል እንደሚሞቅ የሚያውቅ የለም። ስህተት ለማረም መጀመሪያ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ መለኪያ ፈልጌ ገዛሁና ከአንድ ደብተር ጋር ይዤ ቤቴን መዞር ጀመርኩ። መኝታ ቤት አሥር ደቂቃ፣ ኮሪደር አሥር ደቂቃ፣ ሳሎን አራቱም ማዕዘን ላይ አሥር አሥር ደቂቃ። እናቴ መለኪያውን «ሰዓትሽ» ትለዋለች። «ዛሬስ ሰዓትሽ ስንት ይላል?» ትለኝና ቁጥሩን ስነግራት «እኔ ደግሞ ሳልቆጥር ነው የማውቀው» ትላለች።

በሦስተኛው ቀን አንድ እንግዳ ነገር አገኘሁ። ከሳሎኑ ሁሉ በጣም የሚሞቀው ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት አጠገብ ያለው ቦታ አልነበረም። የእናቴ መቀመጫ ያለበት ማዕዘን ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳትደርስበትም ከሌላው በሦስት ዲግሪ ይበልጣል። መለኪያውን ወደ ግድግዳው፣ ወደ ወለሉ፣ ወደ መጋረጃው እያስጠጋሁ ስፈልግ ቆየሁ። በመጨረሻ ክንዴ ፍሪጁን ነካና ትኩስ ሆነብኝ።

ፍሪጃችን እንደ ብዙ ሰው ቤት ሳሎን ነው የሚቆመው። ስንገዛው ትልቅ ነገር ነበርና እንግዳ እንዲያየው ሳሎን አስገባነው፤ ከዚያ ማን ያወጣዋል። በላዩ ላይ እናቴ የሠራችው ዳንቴል አለ፤ ከላይ ጀምሮ በጎንና በጎን እየወረደ ጀርባው ድረስ የሚደርስ፣ አበባ አበባ ያለበት። ጀርባው ደግሞ ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል። ባለቤቴ መካኒሳ መንገድ ዳር የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። ጠራሁትና እጁን ከፍሪጁ ጀርባ እንዲያስገባ አደረግኩት።

«ይኼ እኮ ራዲያተር ነው» አለ። «ውስጡን የሚያቀዘቅዘው ሙቀቱን በዚህ በኩል እያወጣ ነው። አየር ካላገኘ ሞተሩ ሳያርፍ ይሠራል። ራዲያተር በዳንቴል ሸፍኖ መኪና የሚነዳ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ለምን እስካሁን አልነገርከኝም?»

«ጠይቀሽኝ ነበር?»

እውነት ነው፤ አልጠየቅኩትም። አሥር ዓመት ሙሉ ከሳሎናችን ማዕዘን የሚሞቅ ምድጃ አስቀምጠን፣ የክብር ቦታ ነው ብለን እናቴን ከአጠገቡ አስቀመጥናት። ፍሪጁን ወደ ኩሽናው በር ኮሪደር ማውጣቱ ግን ቀላል አልነበረም። እናቴ ተቃወመች። «ኮሪደር የቆመ ፍሪጅ ሰው ሲያይ ምን ይላል? ተቸገሩ ነው የሚለው» አለች። ዳንቴሉን ቴሌቪዥኑ ላይ እንደማለብሰው ቃል ገባሁላት፤ በዚህ ተስማማን። ፍሪጁ ኮሪደር ወጥቶ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ሲርቅ ቀን ሙሉ ሳያርፍ ያጉረመርም የነበረው ሞተር እረፍት ማድረግ ጀመረ። የመብራት ካርዱም እንደ ሰሞኑ መሮጡን ተወ።

ሳሎኑ ግን አሁንም ይሞቃል። ከሰዓት በኋላ ኮርኒሱን በእጄ ስነካው ለብ ይላል። ከኛ ጎን የሚሠራ ሕንፃ አለ፤ እዚያ ያሉትን ግንበኞች የሚመሩ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ስንተያይ ሰላምታ እንለዋወጣለን። አንድ ቅዳሜ ለመንኳቸውና መሰላል ይዘው መጡ። ከጣራውና ከኮርኒሱ መካከል ያለውን ክፍተት በጎን በኩል አይተው ወረዱ።

«ይህ ቤት አፍንጫ ነበረው» አሉኝ። «በግራና በቀኝ ከቆርቆሮው ሥር ቀዳዳ ትተውለታል፤ ትኩሱ አየር በዚያ እንዲወጣ። ማን ነው የደፈነው?»

ያስደፈንኩት እኔ ነበርኩ። ቤቱ በገባን ዓመት እርግቦች እየገቡ አስቸገሩን፤ ባረጀ ብርድ ልብስና በስፖንጅ ቁራጭ ጥቅጥቅ አድርጌ አስደፈንኩት። ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው መሰላላቸውን ተደግፈው ሳቁ።

«ጋሼ፣ እርግብ ጣራ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ እንቅልፍ አይነሳም?»

«ይነሳል። ግን ወንፊት ሽቦ የሚባል ነገር አለ፣ የኔ ልጅ። እርግቡን ያስቀራል፣ አየሩን ያሳልፋል።»

የራሴን ስህተት ከሌላ ሰው አፍ መስማት አልለመድኩም። ሌሎችን ሳርም ምን ያህል እንደሚያማቸው ያን ቀን ነው የገባኝ። ሽቦው ተሠራ፣ ብርድ ልብሱ ወጣ። ኮርኒሱ ቀዘቀዘ። እናቴን ሮጬ ጠየቅኳት። «ትንሽ ተሻለ» አለች፤ ግን አንገቷን መጥረጓን አላቆመችም። ጾሙ ከተጋመሰ ቆይቷል፤ ፋሲካ እየቀረበ ነው።

ደብተሬን ይዤ እንደገና ተቀመጥኩ። በዚህ ጊዜ ክፍሎቹን ትቼ ሰዓቶቹን ማየት ጀመርኩ። ቅዳሜና እሁድ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ድረስ የውስጡንም የውጭውንም መዘገብኩ። ጠዋት ጋቢ ደርቤ ደጃፍ ላይ መለኪያ ይዤ ስቀመጥ የጎረቤት ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን እያለፉ ግራ ገብቷቸው ያዩኛል። ግን ደብተሩ ላይ የወጣው ነገር ከኔ ሁኔታ ይልቅ ግራ የሚያጋባ ነበር። ንጋት ላይ ደጁ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ቅዝቃዜ ነው፤ ሳሎኑ ግን የትናንቱን ሙቀት እንደያዘ ነው። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይም ደጁ ቀዝቅዟል፤ ቤቱ በቀኑ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የሚሞቀው ያኔ ነው። እንዴት?

መልሱ እፊቴ ነበር። እናቴ በየቀኑ ረፋዱ ላይ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ፣ መስኮቶቹን ሁሉ ትከፍታለች፤ ቤቱ ይናፈስ ትላለች። በየቀኑ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አንድ በአንድ እየዞረች ትዘጋለች፤ ንፋስ እንዳይገባ። ትኩሱ አየር ሲመጣ በሩን ከፍተን እንቀበለዋለን፤ ቀዝቃዛው ሲመጣ ዘግተን እንመልሰዋለን። እናቴን ብቻ አልወቅስም። እሷ ከመምጣቷ በፊትም እኔ ራሴ እንዲሁ ሳደርግ ነው የኖርኩት። አንድ ቀን እንኳ ለምን ብዬ አላውቅም። ከተማው ሁሉ የሚያደርገውን ስህተት ማን ያርማል?

ነገሩ ከነከነኝ። ከመካኒሳ ወደ ለቡ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ በቀትር ሰዓት ተጠጋግተን ተቀምጠን ላብ በላብ ሆነን ሳለ፣ አንድ ሰው መስኮት ከከፈተ ከኋላ «ኧረ ዝጉልን፣ ንፋስ ነው» የሚል ድምፅ ይመጣል። ይዘጋል። ማንም አይከራከርም። እኔ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ጀመርኩ፤ ለአንድ ሳምንት ያህል አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ። አንዱ ጆሮ ይመታል አለኝ። አንዷ ንፋስ ፊት ያጣምማል፣ አክስቴን አጣሞብኛል አለች። አንድ ተማሪ ትከሻውን ነቅንቆ ሁልጊዜ ሲዘጋ ነው ያየሁት አለ። ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ሴት ግን በደንብ አስረዳችኝ። በሽታ ከንፋስ አይመጣም፣ እንዲያውም ተዘጋግቶ መቀመጥ ነው የሚያስተላልፈው አለች። ይህን ተናግራ ስታበቃ እጇን ዘርግታ አጠገቧ ያለውን መስኮት ዘጋችው። ለቡ እስክደርስ ድረስ ብቻዬን ስስቅ መጣሁ።

ያን ማታ ደብተሬን ይዤ እናቴ ፊት ተቀመጥኩ። ከረፋድ እስከ ማታ መስኮቱ ይዘጋ፣ መጋረጃው ይውረድ አልኳት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም ይከፈት፤ ፍርግርግ ስላለው ሌባ አይገባም፣ ሌሊቱንም ተከፍቶ ይደር፤ ጠዋት ደግሞ ቅዝቃዜውን ቤት ውስጥ ቆልፈን እንውላለን። ቬንትሌተሩንም ለሰው እንሰጣለን። ለተማሪ እንደማስረዳ ቁጥሮቹን እያሳየሁ ነው የነገርኳት።

«ማታ መስኮት ይከፈት?» አለች።

«ማታ።»

«አንቺ ስትተኚም?»

«አዎ፣ እኔም ስተኛ። የሁላችንም።»

«ንፋሱስ?»

«እማዬ፣ ንፋስ ሰው አይገድልም። የተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

ይህን ስላት ፊቷ ተለወጠ። «ቤቱ ያንቺ ነው» ብላ ተነሳች። እኔ ደግሞ አሸነፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው ያን ደስታ እጠላዋለሁ።

ዘዴው ሠራ። በሦስት ቀን ውስጥ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከደጅ ሲገቡ እንደ መካኒሳው የጭቃ ቤት ቀዝቀዝ ብሎ ይቀበላል። ባለቤቴ ምሳውን ቤት እየመጣ መብላት ጀመረ። ቬንትሌተሩ ለጎረቤት ተሰጠ፤ ካርዱም ከዚያ በፊት ታይቶ በማያውቅ ልክ ቆየልን። መለኪያውን ሰው ሁሉ እንዲያየው ሳሎን ሰቀልኩት። የማያውቀኝ ሰው ቤቱን ያቀዘቀዝኩት በእጄ አራግቤ ይመስለው ነበር።

ሁለት ነገር ብቻ ቅር አለኝ። አንደኛው፣ ማታ ከፍቼ የተኛሁትን የመኝታ ቤታችንን መስኮት ንጋት ላይ ተዘግቶ አገኘዋለሁ። ባለቤቴን ጠየቅኩት።

«መስኮቱን ማን ዘጋው?»

«የተኛ ሰው ትጠይቂያለሽ?»

«አንተ ነህ እንዴ የምትዘጋው?»

«ስተኛ ትቀሰቅሺኛለሽ፤ ስነቃ ትመረምሪኛለሽ» ብሎ ጫማውን ማሰሩን ቀጠለ።

ሁለተኛው እናቴ ናት። ቤቱ ቀዝቅዞላታል፤ አንገቷን መጥረግ ትታለች። ግን ከዓይኗ ሥር ጠቆረ። ቀን ቀን ሶፋው ላይ ቁጭ ባለችበት ያንቀላፋታል፤ ጸሎት መጽሐፏ ከእጇ ይወድቃል። ጾሙ ነው የደከማት አልኩ። ፋሲካ ሲመጣ፣ ዶሮው ሲበላ ታገግማለች ብዬ አሰብኩ።

ፋሲካ መጣ፤ ሰው መጣ፤ ተበላ፤ ተጠጣ። የመጡት ሁሉ «ምን አድርጋችሁት ነው ቤታችሁ እንዲህ የሚቀዘቅዘው?» አሉ፤ እኔም ደብተሬን አውጥቼ አስረዳሁ። ሰኞ ጠዋት ክፍሏ ስገባ እናቴ አልጋው ላይ ልብሶቿን እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከታለች።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ብዬሽ የለ እንዴ? ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ እሄዳለሁ ብዬሻለሁ።»

«ሙቀት ነው ያልሽው። ቀዝቅዟል እኮ።»

«ቀዝቅዟል» አለች። «ለዚያ ነው የምሄደው።»

አልገባኝም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ደብተሩም መለኪያውም በእጄ አልነበሩም፤ ምናልባት ለዚያ ይሆናል በትክክል የጠየቅኳት። «እማዬ፣ መስኮት ለምን ትፈሪያለሽ?» አልኳት። በዚያ ሁሉ ሳምንት በታክሲ ውስጥ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ጠይቄአለሁ። እሷን አልጠየቅኳትም ነበር።

እጥፉን ሳታቆም ነገረችኝ። ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ፣ መካኒሳ በዚያው ቤት፣ በዚሁ በሙቀት ወቅት ነው። አባቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነበር። ያን ቀን እንጀራ ሲጋገር ውሎ ያ ቀዝቃዛ ቤት እንኳ ታፍኗል፤ ሙቀቱ አላስተኛ ብሎኝ አለቅሳለሁ። መስኮቱን ከፈተችው፤ ዝም አልኩ፣ ተኛሁ። እሷም ደስ ብሏት ተኛች። ስትነቃ ትንፋሼ ያፏጫል፤ እሳት ሆኛለሁ። አዝላኝ ሆስፒታል ወሰደችኝ፤ ሳንባ ምች ነው ተባለ። ብዙ ቀን ተኛሁ። አንድ ምሽት ላይ ከዶክተሮቹ አንዱ ዘመድ ካለሽ አስጠሪ ብሏት ነበር።

«ከንፋስ አይደለም ብሎኛል ዶክተሩ» አለች። «አንቺም ትላለሽ። ግን መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ያን ማታ ዶክተሩ አልነበረም፤ አንቺም አታስታውሺውም።»

«ስለዚህ ነው ሌሊት እየተነሳሽ የምትዘጊው?»

«ትተኛለች እላለሁ፤ አልጋዬ ላይ እጠብቃለሁ። ስትተኚ መጥቼ እዘጋዋለሁ። ከዚያም እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ትንፋሽሽን አዳምጣለሁ።» ነጠላውን በአራት አጠፈችው። «ቤቱ እንዲቀዘቅዝላችሁ መከፈት አለበት፤ ገብቶኛል፣ ደብተርሽን አይቻለሁ። እኔ እያለሁ ግን አልችልም። መካኒሳ ብሆን አላየውም።»

አፈርኩ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ፀጉሬ ግማሹ ነጭ ነው። ጣራውን፣ ፍሪጁን፣ ግድግዳውን ሁሉ በመለኪያ ስፈትሽ፣ ንፋስ ሰው አይገድልም ብዬ የተማረ ሰው ሆኜ ስፎክር፣ አጠገቤ ያለችው ሴት በኔ ትንፋሽ ምክንያት አትተኛም ነበር። አለቀስኩ። እሷ ደግሞ «ምነው፣ ዳንሽ አይደል?» አለችኝና ሻንጣውን ዘጋችው።

ሻንጣውን ከእጇ አልቀማኋትም። ሌላ ነገር ለመንኳት። የቤቱ መስኮቶች ሁሉ ያንቺ ይሁኑ አልኳት፤ ማታ የምትከፍቺውም የምትዘጊውም አንቺ ብቻ ነሽ፤ መቼና የትኛውን እንደሆነ አንቺ ወስኚ፤ እኔ እጄን አላስገባም። የኔን መኝታ ቤት ከፈለግሽ ጨርሶ አትክፈቺው። «እኔ እንዳልኩሽ ትሆኛለሽ?» አለች። «እሆናለሁ» አልኳት፤ ምን እንደሆነ ሳላውቅ።

ዳግማ ትንሣኤ አለፈ፤ እናቴ አልሄደችም። አሁን ማታ ማታ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሁላችንም ሳሎን እንሰበሰባለን። እናቴ መጀመሪያ እኔን ሶፋው ላይ ታስቀምጠኛለች። ደረቴን በሻርፕ ትጠመጥማለች፤ በላዩ ላይ ጋቢ ትደርብልኛለች፤ ጋቢውን እስከ አገጬ ስባ ከጀርባዬ ትወትፈዋለች፤ ካልሲ ማድረጌን ጎንበስ ብላ ታያለች። ከዚያ ቀና ትልና እየዞረች መስኮቶቹን አንድ በአንድ ትከፍታለች። ቀዝቃዛው አየር ይገባል፤ መጋረጃው ይነሳል፤ ባለቤቴ እፎይ ብሎ እግሩን ይዘረጋል። እናቴ ከአጠገቤ ትቀመጥና እጇን ጀርባዬ ላይ ታሳርፋለች። ጥቂት ቆይቶ ያንቀላፋታል። ቤታችን ውስጥ የሚሞቀው አሁን እኔን ብቻ ነው፤ ላቡ በጀርባዬ ይወርዳል፤ እሷ እስክትነቃ ድረስ ግን ጋቢውን አልገልጠውም።